ድንጋይ የሌለበት ጥሩ መሬት

አባቴ «ጥሩ መሬት» ሲል ድንጋይ የሌለበትን ማለቱ ነው። ሸዋ ቤንች አጠገብ ካለው የቡና ማሳችን ታችኛው ሜዳ የሰው ቁመት ያህል ቢቆፈር ዶማው አንድም ጊዜ ቋ አይልም፤ ይህንን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል። መሬቱን ለእኔና ለወንድሜ ሲያካፍለን ሜዳውን ለወንድሜ ሰጠው። ለእኔ የደረሰኝ ቡናው ቀጭጮ የሚቀርበት ድንጋያማ ጉብታ ነበር። «አንቺማ ተምረሻል» አለኝ። ከፋኝ፤ ለዓመታትም ሲከፋኝ ኖሬአለሁ።

የተማርኩት ደግሞ መሬት ቢንቀጠቀጥ የትኛው ቦታ ይበልጥ እንደሚናወጥ መገመት ነው። በእኛ ሙያ ጥሩ መሬት ማለት ዶማን የሚመልሰው ድንጋያማው ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ አማን ከተማ መጥቼ ቤተሰቤን ልጠይቅ ጎራ ስል፣ አባቴ አዲስ ቤት ሊሠራ አሸዋ አስወርዶ አገኘሁት። ቦታው ወንድሜ ደስ ብሎት የፈቀደለት ያው ሜዳ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ቀላል መንቀጥቀጥ ነበር፤ ሜዳው ዳር ባለው አሮጌ ቤታችን የእናቴ ብርጭቆዎች ከመደርደሪያው ወርደው ተሰባብረዋል። ከጉብታው ጀርባ ያሉት ጎረቤቶች ግን ነገሩን የሰሙት ከእሷ ነው። አሁን ደግሞ አባቴ ሜዳው ላይ የብሎኬት ቤት ሊያቆም፣ እናቴም በውስጡ ልታረጅ ነው። እንቅልፍ ነሳኝ።

መሣሪያዬን ይዤ ተመለስኩ። ንዝረት የሚያዳምጡ ትናንሽ መሣሪያዎች መሬቱ ላይ በመስመር ተክዬ፣ ዝርግ ብረት አስቀምጬ በመዶሻ እመታለሁ፤ ንዝረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚደርስ አያለሁ። ሜዳው ላይ እየተጎተተ ደረሰ። ጉብታው ላይ ፈጥኖ አለፈ።

አባቴ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «መሬት ይደበደባል እንዴ? ምን አጠፋ?» አለ።

«አባዬ፣ እርጎ የያዘ ቅል ነካ ብታደርግ የሚንቀጠቀጠው ቅሉ ነው እርጎው?»

«እርጎው።»

«ሜዳው እርጎ ነው። ንዝረቱ እዚያ ሲገባ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ይጎላል። ቤት አይሠራበትም አልልህም፣ ግን አንተ ባሰብከው ዓይነት መሠረት ላይ አይቆምም።»

ተቆጣ። ዕድሜ ልኩን ያሞገሰውን መሬት በመዶሻ አዋረድኩበት። «ጥሩ መሬት እኮ ነው» አለ፤ «ድንጋይ የለውም።»

«ለቡና ጥሩ ነው። ለቤት ግን ችግሩ ድንጋይ የሌለው መሆኑ ነው።»

ወደ ጉብታው ወጣ፤ ተከተልኩት። ከአፈሩ ብቅ ያለውን ዓለት በጫማው ጫፍ ይነካካ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ የዓመታት ቅሬታዬ በመሣሪያ የተረጋገጠልኝ መስሎኝ። ፊቱን ሳይ ግን ደስታዬ ሟሸሸ። እሱን የከበደው የድንጋዩ ነገር ሳይሆን፣ ያንን ለእኔ መስጠቱ ነበር።

«ይሄን ለአንቺ የሰጠሁሽ...» ብሎ ጀመረና ተወው። እናቴ ከታች ያሰጣችውን ቡና ስታገላብጥ እያየ ቆየ። ከዚያ ከእሱ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣

«እዚህ ጉብታሽ ላይ ታስጠጊናለሽ?» አለኝ።