ሆዱ ያልለመደው ሥጋ

ሃያ ሁለት አካባቢ ባለው ቢሮአችን፣ ላገባው ያሰብኩት ባልደረባዬ፣ «ሃይማኖት የኋላ ቀር ነገር ነው» እያለ ይሰብከን ነበር። የሚጾሙትን «ዛሬም ሽሮ?» እያለ ይቀልድባቸዋል። ያደገው በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። ይህ ለእሱ ምንም እንዳልሆነ ስለነገረኝ፣ እሁድ ቤተሰቦቼን ሊተዋወቅ ቀጠሮ ይዘን ነበር።

በአረፋ ማግስት እናቴ የሠራችውን ጥብስ ለምሳ ወሰድኩለት። የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሊጎርስ ሲል እጁን መለሰ።

«ማን ነው ያረደው?»

«አባቴ።»

«ተይው በቃ። የእምነት ነገር እንዳይመስልሽ፣ የኔ ቆንጆ፤ ሆዴ አልለመደም።»

የሚጾሙት ቢያንስ ለምን እንደሚጾሙ ያውቃሉ፤ እሱ የሚኮራበት ነፃነት ግን አንዲት ጉርሻ እንኳ አላሻገረውም። ዕቃዬን ከደንኩና ለእናቴ ደወልኩ፤ እሁድ እንግዳ እንደማይመጣ ነገርኳት።