ፋሪሃ ሌባ የሆነችበት ዓርብ

ፋሪሃ ከወሎ፣ ከደጋን ወጥታ ካርቱም ስትገባ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሪያድ በሚባለው የካርቱም የሀብታም ሰፈር በአንድ ቪላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ አልጋ የያዙ አሮጊት ስታስታምም የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም። በአምስተኛው ዓመት የእመቤቲቱ የወርቅ አምባር ጠፋ። ማን እንደወሰደው ያጣራ የለም። "ሐበሻዋ ናት" ተባለ፤ በቃ፣ አለቀ። ፖሊስ መጣና ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወሰዳት። ስድስት ወር ታሰረች።

እስር ቤት ውስጥ "ምን አጥፍተሽ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ማን አስገባሽ?" ነው የሚባባሉት። ግማሾቹ ሻይ ሲሸጡ ከሻ በሚሉት የፖሊስ አፈሳ የተወሰዱ፣ ግማሾቹ አረቄ ሲያወጡ የተያዙ ሴቶች ናቸው። አንዷ ሙላቷ የምትባል ነበረች፤ ከአርማጭሆ የመጣች፣ ካርቱምን እንደ እጇ መዳፍ የምታውቅ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ፋሪሃ በገባች ዕለት ፍራሿን ለሁለት አካፈለቻት። ስታለቅስ ስታያት ግን፣ "አልሰረቅሁም እያልሽ አትድከሚ፤ እዚህ ማንም አልጠየቀሽም" አለቻት።

ተፈትታ ሐበሾች ወደሚበዙበት ሰፈር፣ ወደ ዴም ስትመለስ አገሩ ሁሉ ወሬውን ጨርሶታል። ለእረፍት ቀናቸው አብራት ክፍል ተከራይታ የነበረችው የኔነሽ ሻይ አቀረበችላት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ አላወረደችም። ሥራ የሚያገናኘው ደላላም "ያንቺን ስም ለማን ብዬ ልስጥ?" ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ፋሪሃ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ሀፍላ አውቶብስ ተሳፍራ ድልድዩን ተሻግራ ኦምዱርማን ትወርዳለች፤ ገበያውን ምንም ሳትገዛ ዞራ ዞራ ትመለሳለች። ሰው ትክ ብሎ ካያት እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል። ያልሰረቀች ሴት እንደ ሌባ መራመድ ጀመረች።

አንድ ጠዋት እግሯ ቀድማት የተፈታችው ሙላቷ ቤት ጣላት። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሴቶች አሉ፤ ሁሉም ታስረው የወጡ። ቦርሳውን ያቀፈ አልነበረም። ፋሪሃ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች። ሥራቸውን ለማወቅ ሳምንት አልፈጀባትም። አንዷ በሌላ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማ፣ ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች፤ ቀን ጠብቃ በር ትከፍታለች፤ የቀረውን የሙላቷ ሰዎች ይጨርሱታል። ሕግም አላቸው፤ የድሃ ቤት አይነካም፣ ለታሰረች ስንቅ ይላካል፣ አፍ ይዘጋል።

"እቴ ሙላቷ፣ ሐራም አይደለም ወይ?" አለች ፋሪሃ።

"የስምሽን ዋጋ ማን ከፈለሽ?" አለቻት ሙላቷ። "ሌባ ብለው ስድስት ወር አስረውሻል። እኔ ቅጣቱን አስቀድመሽ የጨረስሽ ነው የሚመስለኝ።"

ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ፋሪሃ ታውቃለች። ግን ሙላቷ የዘረጋችላትን፣ ዛሂራ የምትባል ሴት ኢቃማ ተቀበለች።

በዛሂራ ስም፣ በዛሂራ ኢቃማ፣ እዚያው ሪያድ ሌላ ቤት ገባች። ሲት ናዲያ የምትባለው እመቤት ሳቂታና ችኩል ሴት ነበረች። በሩን የሚጠብቁት ዓም ኦመር የሚባሉ የዳርፉር ሰው ናቸው፤ ጺማቸው የሸበተ፣ ቁርኣናቸውን ከትራሳቸው ሥር የማያጡ። ፋሪሃን "ያ ቢቲ፣ ልጄ" ይሏታል። የምሳ ሳህናቸውን አጥበው ነው የሚመልሱላት።

ዓርብ ቀን ነው። ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ኦምዱርማን ሄደ። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ፋሪሃ የኋላውን በር መቀርቀሪያ ሳበች። ሻርፗን ተከናንባ በራክሻ ባጃጅ ዴም ሄደች፤ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ የሚጠይቃት የለም። አንድ ቦታ ግን አልረጋችም፤ ከዚህ ሱቅ እዚያ ሱቅ ስትል ዋለች።

ማምሻውን ስትመለስ ግቢው ፖሊስ ሞልቶታል። የሲት ናዲያ ወርቅ ተወስዷል። ዓም ኦመር አሸዋው ላይ ተንበርክከዋል፤ አንድ የልጃቸው እኩያ የሆነ ወታደር በጥፊ ይመታቸዋል። "ወንድሞችህ ናቸው! በሞተር ሳይክል እየመጡ ስልክ የሚነጥቁት ሁሉ የእናንተ የዳርፉር ሰዎች ናቸው!" እያለ። ዓም ኦመር በዚያ ከተማ ወንድም አልነበራቸውም።

ዓም ኦመርን እየገፈተሩ መኪና ላይ ጫኗቸው። ፋሪሃን የጠየቃት የለም። ሲት ናዲያ አቅፋት፣ "ዛሂራን ተዉአት! ሶላቷን የምትሰግድ ጨዋ ልጅ ናት" አለች።

ንጹሕ ሳለች ያላገኘችው ቃል ይኸው አሁን ተሰጣት። ፋሪሃ ማድቤት ገብታ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና አጠበች።

ሁለት ቀን ከማድቤት ጓሮ፣ ከጓሮ ማድቤት ስትል ቆየች። በሦስተኛው ቀን ሙላቷ ጋ ሄደች።

"ሽማግሌው ጣቢያ ውስጥ በዱላ ሊሞቱ ነው" አለች ፋሪሃ።

"እኛ አይደለንም የመታናቸው" አለች ሙላቷ። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። "አፍ ይዘጋል ብያለሁ። ያላ፣ ወደ ሥራሽ።"

ፋሪሃ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። በቀጥታ ዓም ኦመር ወደታሰሩበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ፣ "በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ዛሂራም አይደለሁም፣ ስሜ ፋሪሃ ነው" አለች። የፖሊሶቹ አጸፋ ሳቅ ነበር። ሽማግሌው ጉቦ ከፍሎሽ ነው አሏት። ያመኗት የድሮ መዝገቧን ሲያገኙ ነው፤ ያን ጊዜ "አዎ፣ ይህችማ ሌባ ናት" አሉ። ተባባሪዎቿን ጠየቋት፤ አንድም ስም አልሰጠችም። ዓም ኦመርን ፈቱ፤ እሷ ላይ ዓመት ከሦስት ወር ፈረዱባት። ከሙላቷ ዘንድ ስንቅ አልመጣላትም።

ስትወጣ ዓም ኦመርን ፍለጋ ጀመረች። ሲት ናዲያ "ጣቢያ ያደረ ሰው ደጄ ላይ አይቆምም" ብላ እንዳባረረቻቸው ሰማች። ከብዙ ቀን በኋላ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ከአንድ የሽንኩርት መጋዘን ደጃፍ ጆንያ ሲሰፉ አገኘቻቸው። አንድ ዓይናቸው እንባ ያፈሳል።

"ዓም ኦመር፣ አፉ በሉኝ" አለች፤ ዐረብኛው ጠፍቶባት በወሎኛ ይቅርታ ጠየቀች።

ቋንቋውን ባያውቁትም ነገሩ ገባቸው መሰል፣ ወስፌውን አስቀመጡ።

"መቀርቀሪያውን ስትስቢ አይቼሻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ለሶላት ውዱእ ውሃ ልቀዳ መጥቼ። ቆሻሻ ልትጥይ መስሎኝ ወደ መስጊድ ሄድሁ።"

ፋሪሃ ወደ እሳቸው ጎንበስ አለች። "ታዲያ ያን ሁሉ ሲመቱዎ ለምን አልተናገሩም?"

"ተናግሬማ ነበር፣ ያ ቢቲ። መጀመሪያ ዕለት ተናግሬያለሁ" አሉ። "እመቤቲቱ፣ 'ዛሂራን? ይኼ ሌባ ደግሞ ሐሰት ጨመረበት' አለች። ለሐሰቱም ለብቻው መቱኝ።"

ይቅርታ ስለማድረጋቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። ያልተሰፋ ጆንያ በእግራቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ፋሪሃ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሲባጎውን ወስፌው ውስጥ ለማስገባት ደጋግማ ሳተች።