ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጓንት

ትናንት ከሰዓት አዴ ሩቂያ ቤት ሄድኩ... ጓንት ላመጣ።

ተራ ጓንት አይደለም። እህቴ ኢክራም አዲስ አበባ የሮቦት ተመራማሪ ነበረች። ስትሮክ የመታውን ሰው ጣት በትንንሽ ሞተር የሚያጥፍና የሚዘረጋ ጓንት ሠራች። የመጀመሪያውን የሰጠችው ለአዴ ሩቂያ ነው። እዚሁ እኛ ከተማ ፈላና በር ሰፈር የሚኖሩ፣ ልጅ ሆና ቁርአን ያስቀሯት ሴት ናቸው። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። ጓንቱ ጣት ባጠፈ ቁጥር ይቆጥራል፤ ሞተሩ ቻርጅ ባይደረግም ቆጣሪው ለብቻው ባለው ባትሪ ማታ ማታ ቁጥሩን በሲም ካርድ ለኢክራም ይልክላታል።

ኢክራም በመኪና አደጋ ከሞተች አምስት ወሯ ነው። ሰኞ ዕለት ከቤተ ሙከራዋ አንድ ሰውዬ ደወለልኝ። «እግዜር ያጽናችሁ» አለ። ትንፋሽ ሳይወስድ «እዚያ የቀረ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አለ» ብሎ ቀጠለ።

ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቀና ስል... ጓንቱ ግድግዳው ላይ ነው። ለጌጥ ከተደረደሩት ሳህኖችና ስፌቶች መሃል በነጭ ክር ተሰቅሏል። አቧራ እንኳ የለበትም።

«አዴ... ይሄን አያጠልቁትም እንዴ?»

«አስታግፊሩላህ! የሰው ልጅ ዓይኗን አጥፍታ የሠራችውን ወጥ ላስነካው?»

«ስትደውልልዎ ግን ጥሩ ነው አሏት።»

«ጥሩ ነዋ! ዒድ ሲመጣ እንግዳው ሁሉ ሳህኔን ትቶ እሱን ነው የሚያየው። የፈላና ልጅ የሠራችው ነው እላቸዋለሁ።»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

የኔን ልንገራችሁ። አምና ኢክራም ደውላልኝ ነበር። «አቦ፣ በየቀኑ ዜሮ ነው የሚመጣልኝ። እሳቸው ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ቅር እንዳይለኝ ይሆናል። ሄደህ በዓይንህ እይልኝ፣ ያጠልቁታል ወይ?» አለችኝ። ኳስ ሜዳ ነበርኩ። እሺ አልኳት። በማግስቱ ስትደውል «አየኋቸው፣ እጃቸው ላይ ነው» አልኳት።

አልሄድኩም ነበር።

አጥልቀውት ዜሮ ከሆነ፣ ጓንቱ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ አቅቶታል ማለት ነው... ኢክራም የደረሰችበት ይሄ ነው። ቃሌን አምና። ሁለት ወር ሙሉ ቤተ ሙከራው ውስጥ የቀረውን ሌላውን ጓንት ስትፈታ ስትገጥም ከረመች። ጥፋቱን አጣችው። በመጨረሻ ሪፖርቱ ላይ «አይሠራም» ብላ ራሷ ጻፈች። ሥራው ተዘጋ፤ እሷንም ሌላ ክፍል አዛወሯት። ረመዳን ላይ ስትመጣ እማዬ «አዴ ሩቂያን ዘይሪያቸው እንጂ» ስትላት «በምን ዓይኔ? የማይረባ ነገር ሰጥቻቸው» አለች። አጠገቧ ተቀምጬ ቴምር እየበላሁ ነበር።

ሌላ ቴምር አነሳሁ።

«ቻርጀሩስ የት ነው?» አልኳቸው አዴ ሩቂያን። ከነካርቶኑ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። ሰካሁት። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ላጠልቅላቸው ስል «ይቆሽሻል፣ ተው!» ብለው ተቆጡኝ። ለመንኳቸው።

ሞተሩ እዝዝ አለ። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ታጠፉ። አጠገባቸው የነበረውን የውሃ ብርጭቆ ያዙ... አነሱት። «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። በቀኝ እጃቸው። ትንሽ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ፤ ከት ብለው ሳቁ። እንደ ልጅ።

ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። «ኢክራም እኮ አይሠራም ብላ ነው የሞተችው።»

ሳቃቸው ቆመ።

«ያ አላህ! ይሄ የማይሠራው? እንደዚያ ብሎ ማን ነገራት?»

«እኔ» ማለት ነበረብኝ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ሚስማር ማየት ጀመርኩ።

ጓንቱን እጃቸው ላይ ትቼው ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ ለሰውዬው ደወልኩለት። «ይሠራል! አሁን በዓይኔ አየሁት፣ ሪፖርቱ ስህተት ነው» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እሱ ፕሮጀክት ተዘግቷል። አንተ ብቻ ንብረቱን ከነቻርጀሩ ላክልን» አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ሰዓት ያዝኩ። ከአዴ ሩቂያ በር እስከ እኛ በር... በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።