በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ጧፍ

ዘውዱ ሙያውን ይወዳል፤ ከሙያው ይልቅ ግን «ባለሙያ» መባሉን ይወዳል። ካቻቪቴውን ደረት ኪሱ ላይ ሳይሰካ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ አያወልቀውም። የሸማኔ ልጅ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ ጋምቤላ፣ አቦቦ ሰፈረ። እርሻው አልሆነለትም፤ ከአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ሽቦ እየጎተተ ሙያ ቀሰመ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኞች ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሲሠራ መስመሩን የዘረጋው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደጁ ባለፈ ቁጥር «ይህን ያበራሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሰሚው ሁሉ ሰልችቶታል።

ዓመታት አልፈው ጋምቤላ ክልል ሆነች። ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፈተ፤ አምፖል ብቻ ያበራ በነበረው ሕንፃ ፍሪጅ ገባ፣ ቬንትሌተር ገባ። የግድግዳው ሽቦ ግን ያው ቀጭኑ ሽቦ ነው።

ባለፈው በጋ ፎቁ ላይ በምትኖረው ነርስ፣ በሲስተር ኛቹዎል ቤት እሳት ተነሣ። እናቷ እማማ ኛኩዋት ዓይናቸውን ሊታከሙ ከኢታንግ መጥተው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሳሉ ሙቀቱ ጠናባቸውና ልጃቸው እንዳሳየቻቸው የቬንትሌተሩን ማብሪያ ተጫኑ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ጨሰ፤ መጋረጃውና አልጋው ተቃጠለ። ጎረቤት ደርሶ አጠፋው።

ዘውዱ ተጠርቶ መጣ። ማብሪያውን ፈታ፣ ገጠመ፤ ግድግዳውን ግን አልነካም። በአጠገቡ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሲያይ «እርጥብ እጅ ነክቶት ነው» አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያችን ቃል አንዱ ጎረቤት ለእማማ ኛኩዋት በኑዌርኛ ነገራቸው። ሴትየዋ እጃቸውን ገልብጠው አዩ። በማግስቱ ወደ ኢታንግ ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ።

ዘንድሮ የሕንፃው ሽቦ በሙሉ ወጥቶ በወፍራም ይተካ ተባለ። ሥራው ለዘውዱ ተሰጠ፤ እሱም ከሲስተር ኛቹዎል ቤት ጀመረ። አሮጌው ሽቦ ቢስበው ቢስበው አልመጣ አለ። ከማብሪያው በላይ ልስኑን በመሮ ፈለፈለና ቆመ። ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት ቦታ ከስሏል። በላዩ ላይ በጥብቅ የተጠመጠመ የጠቆረ ፈትል አለ።

የገዛ እጁን ሥራ አወቀው። ያኔ ክረምት ነበር፤ የጎሬ መንገድ በዝናብ ተቆርጦ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ናስትሮ የጫነው መኪና ቀረ፤ አለቆቹ ደግሞ ለምረቃ ቸኮሉ። ዘውዱ ታዲያ የአባቱ ልጅ ነውና፣ ከአቦቦ እርሻ ጥጥ አምጥቶ ፈተለ፤ የቀለጠ ሻማ ውስጥ ነክሮ በየቅጥሉ ላይ ጠመጠመ። መኪናው እስኪመጣ፣ ለጊዜው ብሎ። በብልሃቱም ኮርቶ ነበር። መኪናው ሲመጣ ግድግዳው ተለስኗል፤ እሱም ረሳው። ጥጥና ሰም ተገናኝተው ጧፍ እንደሚሆኑ የሸማኔ ልጅ ሊጠፋው ነው? ሰው በሚተኛበት ግድግዳ ውስጥ ጧፍ ቀበረ።

ፈትሉን ቆርጦ ኪሱ ከተተው። ያየው የለም። ሲስተር ኛቹዎል በጓዳ በኩል ዕቃ ታነሣለች። ወፍራሙን ሽቦ ቢያስገባና ቢለስነው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዝም ማለቱ ስለከበደው ብቻ፣ እናቷ ደኅና እንደሆኑ ጠየቃት።

«ደኅና ናት» አለች። ቆይታም፣ «ግን ልጅ አትታቀፍም። እኅቴ ወልዳለች፤ ስጧት ስንላት እንቢ ትላለች። እጄ ያቃጥላል ትላለች» አለችው።

ዘውዱ መሮውን አስቀመጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን ያለ እሱ የሚያጠራው አልነበረም። ፈትሉን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፏ ላይ አኖረውና የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሲስተር ኛቹዎል አገላብጣ አየችው። ኋላ ፈትሉን መለሰችለት።

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው» አለች።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ኢታንግ ወረዱ። እማማ ኛኩዋት ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዘውዱ ቆሞ ተናገረ፤ ልጃቸው ተረጎመች። ያቃጠለው የእሳቸው እጅ ሳይሆን የእሱ እጅ እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስተረጎማት፤ በአንዴ የሰሙት አልመሰለውም። አሁን ሁሉን በአዲስ ሽቦ እንደሚተካም ጨመረ። እማማ በቀስታ አንድ ነገር አሉ።

«ያኔም አዲስ ነበር ትላለች» አለች ልጃቸው። «እመጣለሁ ትላለች። ግን እኔ ስጫን እሱ እጁን ግድግዳው ላይ ያድርግ ትላለች።»

ዘውዱ ተመልሶ የሕንፃውን ግድግዳ ሁሉ ከፈተ። ሌላ ስድስት ቅጥል አገኘ። ተከራዮቹ ሲጠይቁት የማን ሥራ እንደሆነ ነገራቸው፤ አንዳንዱ ሳቀበት፣ አንዳንዱ ሰደበው። ካቻቪቴውን በመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ መያዝ ጀመረ።

ሥራው ካለቀ በኋላ እማማ ኛኩዋት መጡ። ዘውዱ መስመሩን ሦስት ጊዜ ፈትሾታል፤ እንከን እንደሌለው ያውቃል። መዳፉን ልስኑ ላይ ሲያሳርፍ ግን ላብ አጠመቀው። ሴትየዋ አንድ ዓመት ሙሉ የፈሩትን ፍርሃት ያን ጊዜ ፈራው።

ተጫኑ። ቬንትሌተሩ ዞረ። እማማ ኛኩዋት ግን ቀና ብለው አላዩትም፤ የሚያዩት ግድግዳው ላይ ያለውን የዘውዱን እጅ ነበር። ጠጋ አሉና የራሳቸውን እጅ በላዩ ላይ አደረጉበት።