ቦዩ ውስጥ ማንም አይዋኝም

ሊያን ትሬቫስኪስ እንዳትጽፍ የተከለከለችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛ በጋውን ሙሉ ስትብሰለሰል ጎኗ ተቀምጬ አይቻለሁ። እኔ ብሆን በሩን አላትሜ እወጣ ነበር፤ እሷ ግን መውጣትም አልቻለችም።

የምንሠራው በመስኖ ድርጅቱ ቢሮ ነው። ድሮ ቦዩ በአረም ሲታፈን ሬግ የሚባል ሽማግሌ ፒክአፑን አስነስቶ ይሄዳል፤ ዳር ዳሩን አይቶ፣ የሚዋኙትን ልጆች እየጮኸና እየተሳደበ ካስወጣ በኋላ ነው አረም ማጥፊያ መርዙን የሚለቀው። ሬግ ጡረታ ወጣና ሥራው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ተሰጠ፤ እኛ «ኤአዩ» ነው የምንለው። ምስኪን፣ ስለሚያዝዘው መሣሪያ የሚያውቀው መግለጫው ላይ የተጻፈለትን ብቻ ነው። መግለጫውን የምትጽፈው ሊያን ነበረች።

መርዝ ለሚለቀው መሣሪያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አረም ማጥፊያ ወደ ቦዩ ይለቃል። አንዴ ከጀመረ ማስቆሚያ የለውም። በሙቀት ቀን ልጆች እዚህ ይዋኛሉ፤ ዳር ላይ የቆመ ሰው ቦዩ ባዶ ነው ሳይልህ አትጀምር።»

አለቃችን ክሬግ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው።

«ቦዩ ውስጥ ማንም አይዋኝም» አላት።

«ኧረ ባክህ! ትናንት የገዛ ልጅህ አንገስ ከድልድዩ ሲዘል አይቼዋለሁ።»

«መዋኘት ክልክል ነው፤ ምልክት ተክለናል። ልጆች ይዋኛሉ ብለን ከጻፍን፣ ማወቃችንን አመንን ማለት ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ይገድለኛል።»

«እሺ፣ ‹መጀመሪያ ሰው ቦዩን ይየው› ብቻ ልበል።»

«‹ለምን?› ቢሉኝስ?»

ወይ ጉድ! እዚህ አገር ቦይ ውስጥ ሳይዋኝ ያደገ ሰው አለ እንዴ? ክሬግ ራሱ የፊት ጥርሱን የሰበረው እዚያው ነው። የከተማው መዋኛ ገንዳ ከተዘጋ ወዲህማ ልጆቹ ሌላ የት ይግቡ? አረሙ የሚፈላው በሙቀት ነው፤ ልጆቹም ውሃ የሚገቡት በሙቀት ነው። ይህን ኤአዩ በምን ይወቀው?

ልሂድ ብትል ደግሞ ተተኪዋ መግለጫውን እንዳለ እንደሚተወው ታውቃለች። ስለዚህ ሙቀት በመጣ ቁጥር ምሳዋን ድልድዩ ላይ ሆና ትበላለች፤ ስጋ ፓይዋ በአንድ እጇ፣ መሣሪያው ሲነሳ የሚጮኸው ስልኳ በሌላው። ልጆቹ «ፖሊሷ መጣች!» እያሉ ውሃ ይረጩባታል።

አንድ ማክሰኞ ስብሰባ ይዟት ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ መሣሪያው ሥራ ጀምሯል። ወንበሯን ገፍትራ ወጣች። መርዙ የሚለቀቀው ከላይ ስለሆነ ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። እሷ ቀደመችው። ልጆቹ አንወጣም ሲሉ ከነልብሷ ገብታ እየጎተተች አወጣቻቸው። አንገስ የመጨረሻው ነበር፤ ሲወጣ ዓይኑን ማቃጠል ጀምሮት ነበር።

በማግስቱ ክሬግ ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እንግዲያው አሁን ልጻፈው?» አለችው።

ፊቱን ጠረገ። «አሁንማ ጭራሽ አይሆንም። ዛሬ ብንጽፈው ትናንት እናውቅ እንደነበር ማስረጃ ይሆናል።»

«ነገ ሙቀቱ ከአርባ በላይ ነው። ምን ልታደርግ ነው?»

«አንገስን እንዳይሄድ ነግሬዋለሁ።»

«አንገስን ብቻ?»

ምናለ ያኔ በጥፊ ባጮለችው! እሷ ግን ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ፣ እሱ እያያት፣ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፈችው፤ ከሥሩ «ልጆቹን በዓይኔ አይቻለሁ» ብላ ስሟን ጨመረችበት። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ ተሰረዘ፤ እሷም ተባረረች። ወንበሯንና መግለጫ መጻፉን ለእኔ ሰጡኝ።

ዛሬ ወበቁ አያስተነፍስም። ደወልኩላት።

«የት ነሽ?»

«ድልድዩ ላይ ነኛ! የት ልሆን ኖሯል?» ከኋላዋ የልጆች ጫጫታና የውሃ መንቦጫረቅ ይሰማኛል። «መግለጫው አሁን ምን ይላል?»

«አረም ማጥፊያ ወደ ቦዩ ይለቃል ይላል። ማንንም ጠብቅ አይልም።»

«ተይው፣ እንዳትነኪው። አንቺንም ያባርሩሻል። የምታሳድጊያቸው ልጆች አሉሽ።»

«ልጆቼማ እዚያው ፊትሽ እየዋኙ ነው» አልኳትና መጻፍ ጀመርኩ።