ከኋላ ወንበር ሥር

መኪናው ግቢው በር ላይ ጠፋ። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ በዚያ በጅቡቲ ቀትር። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ይህ አመሉ የሚመጣበት ፀሐይ ስትበረታ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ምን የመሰለ ጨዋ ነው። "ዛሬ እንኳ አታዋርደኝ!" አልኩት መሪውን በመዳፌ እየመታሁ። ከኋላ ወንበር ሥር ጫት ደብቄ ነበር።

ጫቱ የኔ አልነበረም። የአሠሪዬ እናት ጫት ነው።

አሠሪዬ ድሬዳዋ ተወልዶ እዚህ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ አምቡሊ ሰፈር ቤት ሠርቶ እናቱን ይዞ የሚኖር ሐጂ ነው። እሱ ራሱ አይቅምም፤ ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነጋዴ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እናቱ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የቃሙ ናቸው። ሐኪሙ ልባቸውን መርምሮ "ጫት ካላቆሙ እኔ የለሁበትም" ካለ ወዲህ ልጃቸው አንዲት ቅጠል ቤቱ እንዳትገባ አዘዘ። ሠራተኛዋን አስማለ፣ ዘበኛውን አስማለ። እኔን ማስማሉን ረሳው፤ ሹፌር ከእናቴ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ይሆናል።

ያገናኘኝ ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ እማማ ነፋስ እንዲያገኛቸው ወደ ባሕሩ ዳር ውሰዳቸው ያለኝ እሱ ነው። ነፋሱን ግን ባዶ አፋቸውን ሊቀበሉት አልፈለጉም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ቀትር ላይ ከተማ ሲገባ፣ የከተማው ጡሩምባ ሁሉ ሲጮህ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት አንዲት ዙርባ፣ አንድ እስር ጫት፣ እገዛለሁ። እማማ በሰጡኝ ሻሽ እጠቀልላትና እስከ አስር ድረስ በዚያ ሙቀት እንዳትጠወልግ ውሃ አርከፍክፌ፣ የኋላውን መቀመጫ አንስቼ ከሥሩ አስተኛታለሁ። "ውሃውን አትሰስት!" ይሉኝ ነበር። አልሰሰትኩም።

ከዙርባዋ ግማሹን እንኳ አይጨርሱም። ባሕሩን እያዩ ስለ ሟች ባለቤታቸው ያወሩልኛል፤ ሰውየው የሠርጋቸው ዕለት ባቡር አምልጧቸው በጭነት መኪና እንዴት እንደመጡ ሲነግሩኝ በሳቅ እንባቸው ይወርዳል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቤት ውስጥ ከንፈራቸው የማይላቀቅ አሮጊት በቀን አንዴ ሲስቁ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ አይለኝም ብዬ አልዋሽም።

በዚያ ወር መኪናው ደጋግሞ ቆመብኝ፤ አንዴማ እማማን እንደያዝኩ አምቡሊ ወንዙ ድልድይ ላይ ጠፍቶ ፀሐይ አስመታቸው። አሠሪዬ መጀመሪያ ስለ ነዳጅ መጠየቅ አበዛ። በመጨረሻ በግልጽ አወጣው፤ ነዳጁን እየቀዳህ ትሸጣለህ፣ ጉድለቱንም በማይረባ ነገር ትሞላለህ፣ መኪናዬን የምትገድለው አንተ ነህ አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን የመኖሪያ ወረቀቴ የወጣው በሱ ስም ነው። ከሱ ቤት ወጣሁ ማለት አርሂባ ሰፈር ካለችው ክፍሌ ሚስቴንና ሕፃኗን ይዤ ድንበር ተሻገርኩ ማለት ነው። ደሜን አበረድኩ።

ያን ቀን ቀትር ላይ የሞተሪኖውን ጩኸት ሰምቶ አሠሪዬ በሽርጡ ከቤት ወጣ። ቁልፉን ከእጄ ተቀበለኝ። "በቃኝ። አሁን ዓይኔ እያየ ይመርመር" አለና ኤሌትሪሺያን ጋ ደወለ። "የመኪናው ብልሽት ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ያንተ ሥራ ከሆነ ዛሬውኑ እንለያያለን።" ከዘበኛው ጋር መኪናውን ገፍተን ጥላ ውስጥ አስገባነው። አሠሪዬ የላስቲክ ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። የውሃ ጠርሙሴን ልውሰድ ብዬ ወደ ኋላው በር ጠጋ አልኩ። "ውሃ ከቤት ጠጣ" አለኝ።

ኤሌትሪሺያኑ ከካርቲየ 6 በታክሲ መጣ። የአገሬ ልጅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ በርጫ ላይ ነውና አንድ ጉንጩ አብጦ፣ ፊቱ ተኮሳትሮ ደረሰ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠንም። ቁልፉን ከአሠሪዬ ተቀብሎ ሰጠኝና "ግማሽ አዙር። ሌላው ዝም በሉልኝ" አለ።

አዞርኩ። ቁልፉ ሲዞር ነዳጁን ወደ ሞተር የሚገፋው ፓምፕ ከኋላ በኩል ለአፍታ እዝዝ ማለት ነበረበት። ምንም የለም።

"ፓምፑ አይሠራም" አለ ኤሌትሪሺያኑ።

"ተቃጥሎ ነዋ! በቆሻሻ ነዳጅ ተቃጥሎ!" አለ አሠሪዬ፤ የሚያየው እኔን ነው።

"ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ኃይል አይደርሰውም። ልይ እንጂ፣ ሐጂ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ጠራልኝ። ፓምፑ ከተቃጠለ ሌባ ነኝ፤ የሽቦ ጣጣ ከሆነ ነፃ ነኝ። የፓምፑ ክዳን ያለው ደግሞ የት እንደሆነ አውቃለሁ። በየቀኑ የእማማን ጫት የማስቀምጠው እዚያው ላይ ነው።

ኤሌትሪሺያኑ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮቶ ሥር ተጋድሞ ፊውዙን ነቀለ። በሕይወቴ የተቃጠለ ፊውዝ እንደዚያን ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ወደ ብርሃን ዞሮ አየውና "ደህና ነው" ብሎ መለሰው። ኮፋኖውን ከፍቶ ለፓምፑ ኃይል የምትለቀውን ሪሌ በጣቱ ያዘና እንደገና አስዞረኝ። ቀጭ አለች። አላመናትም፤ የጡሩምባውን ሪሌ ነቅሎ በቦታዋ ተካ፣ ያው ሆነ። ከዚያ ጫፏ መርፌ፣ እጀታዋ ውስጥ አምፖል ያለባትን ቴስተር አውጥቶ ወደ ኋላ የሚሄደውን ሽቦ ወጋው። አምፖሏ ቦግ አለች።

"ኃይሉ ከዚህ በደንብ ይወጣል። ጉዱ ከኋላ ነው" አለ።

"ከሥር ብታየውስ?" አልኩ። "ጎማው አጠገብ ሽቦ ይፋቃል ይባላል።"

"አንተ ነህ ኤሌትሪሺያኑ?" አለና መፍቻውን አነሳ። "የኋላው መቀመጫ ይነሳ።"

"እኔ አነሳዋለሁ!" ብዬ ዘለልኩ። ቀድሜ ብደርስ ሻሹን ከሸሚዜ ሥር እሸጉጠው ነበር።

"አንተ ከመኪናው ራቅ" አለኝ አሠሪዬ፤ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል።

ራቅኩ። ኤሌትሪሺያኑ መቀመጫውን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርጎ ፈነቀለው። ከዚያ እጁን እንዳንጠለጠለ ቆመ፤ ማኘኩንም አቆመ። ነጭ ሻሽ፣ ውሃ የጠጣ፣ ከጫፉ ለምለም ቅጠል የወጣ። "ወይ ጉድ!" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ይህን ጥዬ ነው የመጣሁት።"

የሳቀለት የለም። "የማን ነው?" አለ አሠሪዬ።

"የኔ ነው" አልኩ። አስቤ አይደለም የተናገርኩት።

ኤሌትሪሺያኑ ሻሹን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወለሉ ላይ አኖረና የፓምፑን ክዳን ፈታ። ከክዳኑ ዙሪያ ውሃ አቁሯል። ሶኬቱ እንደ ቆየ መዳብ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። የቴስተሩን ገመድ ከማሳው፣ ማለት ኃይሉ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪ ከሚመለስበት ከመኪናው ብረት ጋር አሰረና ኃይል አምጪውን ሽቦ ነካ፤ በራ። ገመዱን ወደ ባትሪው አዛውሮ ጥቁሩን፣ የማሳውን ሽቦ ነካ፤ አልበራም። ሽቦውን ሳብ ሲያደርገው በእጁ ላይ ተበጠሰ።

"መሄጃ አለው፣ መመለሻ የለውም" አለ። ቁራጭ ሽቦ ከፓምፑ ወደ መኪናው ብረት አገናኝቶ "አዙር" አለኝ። አዞርኩ። እዝዝዝ።

"ፓምፑም ነዳጁም ጤነኛ ነው፣ ሐጂ። ማሳውን ውሃ በልቶታል። ጠዋት እንደ ምንም ይነካካል፣ ሲሞቅ ይላቀቃል። ልጁ ነዳጅህን አልነካም።" ከዚያ ወደ ሻሹ በአገጩ አመለከተ። "ውሃው እንግዲህ ከዚያ ነው።"

አሠሪዬ ጎንበስ ብሎ ሻሹን አነሳ። ውሃው በክንዱ ላይ ወረደ። ዳር ዳሩን በጣቱ ዳሰሰው፤ ከመካ ሲመለስ ለእናቱ ያመጣው ሻሽ ነው፣ ያላወቀው እንዳይመስላችሁ። ዓይኑ ወደ እናቱ መስኮት ሄዶ ተመለሰ።

"ያንተ ነው አልክ?"

"የኔ ነው፣ ሐጂ።"

"እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብ።"

ይህን ጊዜ ተቃጠልኩ። ውሸቴን አውቆታል፤ ከእናቱ ጋር ከሚፋጠጥ እኔን ቢያባርር ይቀለዋል። ላፈነዳው አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብናገር ማን ይፈርድብኛል? ሚስቴ ፊቴ ላይ መጣች፣ ሕፃኗ መጣች፣ ድልድዩ ላይ በዚያ ፀሐይ ያልተማረሩብኝ እማማም መጡ። አፌን መልሼ ገጠምኩት። ቁልፉን ዘረጋሁለት።

መስኮቱ ተከፈተ።

"ተወው ልጁን!" አሉ እማማ። የዛፍ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ሰው ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈዋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰሙ እንጃ። "ጫቱም ሻሹም የኔ ነው። የሚቆመውም ልብ የኔው ነው። ደግሞ አንተ ታውቃለህ።"

"እማዬ..."

"ታውቃለህ። ታዲያ የሰው ልጅ በኔ ጫት ታባርራለህ? ለዚህ ነው ያሳደግኩህ?"

አሠሪዬ እንደ ትንሽ ልጅ አንገቱን ደፋ። ኤሌትሪሺያኑ አዲስ ሶኬት የሚፈልግ መስሎ ቦርሳው ውስጥ ጠፋ። አሠሪዬ የያዝኩትን ቁልፍ መልሶ ወደ ደረቴ ገፋውና "ይቅርታ" አለኝ፤ ቃሉን ጠብቋል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ግን መውጣት የለም፣ እማዬ። መኪናው ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይውላል።"

እማማ አልተከራከሩም። ይህ እንደሚመጣ መስኮቱን ሲከፍቱም የሚያውቁት ይመስለኛል። "እሺ" አሉ፣ በቃ።

ኤሌትሪሺያኑ ሶኬቱን ቀይሮ ማሳውን በአዲስ ሽቦ ብረቱ ላይ አሰረልን። በማግስቱ፣ አስር ሶላት ካለቀ በኋላ፣ ወደ ሱቅ ልሄድ መኪናው ውስጥ ስገባ እማማ ወደ ባሕሩ ስንወጣ የሚለብሱትን ነጠላ ለብሰው መስኮቱ ላይ ነበሩ።

"ተሠራ?" አሉኝ።

"ተሠርቷል፣ እማማ።"

"አይቆምም ከእንግዲህ?"

"አይቆምም።"

"እስቲ አስነሳው ልየው" አሉ።

ቁልፉን ዞር ሳደርገው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። "እሰይ" ብለው መስኮቱን ዘጉ። ያን ሁሉ ወር ስረግመው የኖርኩት መኪና ያን ቀን ባይነሳ እንዴት በወደድኩ።