ከሙላቱ ጋር ቁራኛ የሆንኩበት ጁምዓ

ባለፈው ጁምዓ እዚህ ዶሃ፣ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የአገሬ ልጆች ምሳ ጠርተውኝ ሄድኩ። እኔ በዘበኝነት የማድርበት ቪላ ከዚያ ሩቅ ነው፤ ግን መንገዱ አይሰለቸኝም። ሰው ሲያረጅ ከመድረሱ ይልቅ መሄዱን ይወዳል። ሩዝ በዶሮ ሠርተው፣ ከአገር የመጣ ሚጥሚጣ ነስንሰውበት በላን። ሻይ ላይ ሳለን አንደኛው ልጅ ከስልኩ ወሬ አነበበልን። በአንድ አገር በልዩ ፍርድ ቤት የሚቀመጡ ዳኞች ከመፍረድ ሌላ፣ ሰው የማስያዝ፣ ቤት የማስፈተሽ፣ ነገሩ እስኪጣራም አስሮ የማቆየት ሥልጣን እንዲጨመርላቸው ሕግ ፈቅዷል ይላል። እኔ ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር እምብዛም አላለፈም፤ ሁሉም አልገባኝም። ልጁ ግን ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ የዚህ ክፍል ዳኛ እርስዎ ይሁኑልን። እኛም ሥልጣን እንጨምርልዎታለን» አለኝ። ሳቁ። ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአንዱ አዲስ ጫማ ጠፍቶ እርስ በርስ ተኮራርፈው ነበር።

እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ወጣት ሳለሁ ናጅማ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ታጭቀን እንኖር ነበር። ዶሃ ያኔ እንደ ዛሬ በፎቅ አልተሞላችም፤ ከሰፈሩ ወጣ ሲሉ አሸዋና ባዶ ሜዳ ነው። አበሻ ጥቂት ስለነበር የተገናኘን ሁሉ ዘመድ የሆንን ይመስለን ነበር። የክፍላችን ትልቅ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። በአገር ቤት የወረዳ ፍርድ ቤት ተላላኪ ሆነው ስለኖሩ የችሎት ወግ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዳኛችን አደረግናቸው። ማን ዛሬ ያበስላል፣ ማን ቀድሞ ይታጠባል፣ የሰውን ሳሙና ማን ነካ፤ ጉዳያችን ይኸው ነበር። ጋሽ ደምሴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይፈርዳሉ፣ የተረታው ሻይ ያፈላል፣ ኸላስ፣ ነገሩ አለቀ።

በነሐሴ፣ እርጥበቱ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ሰው ላይ በሚጣበቅበት ወቅት፣ የሙላቱ ቴፕ ጠፋ። ሙላቱ የግንብ ሠራተኛ ነው፤ እናቱ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩለት ስለነበር ቴፑን እንደ ሰው ይወደዋል። ከሹግል፣ ከሥራው፣ ሲመለስ ቦታው ባዶ ሆነበት። ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ፍርድ ጠየቀ።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስከ ዛሬ የሰጣችሁኝ የመፍረድ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ለመፈተሽ፣ ለማሰር፣ ኢቃማ ለመያዝ አልተፈቀደልኝም፤ ከፈለጋችሁ ጨምሩልኝ አሉ። ሁላችንም እጅ አወጣን። እኔም አወጣሁ፤ ንጹሕ ሰው ፍተሻ ምን ያስፈራዋል ብዬ።

ሻንጣዬ ውስጥ ለባትሪዬ የገዛኋቸው ድንጋዮች ተገኙ። የሙላቱ ቴፕም የሚሠራው በዚያው ዓይነት ድንጋይ ነበር። ጋሽ ደምሴ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ከአሮጌ ሽርጥ ቁራጭ ቀድደው የእኔን ግራ እጅ ከሙላቱ ቀኝ እጅ ጋር አሰሩ። በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ እንደሚሄዱት መሆኑ ነው። በሥራ ሰዓት ይፈታሉ፣ ከሹግል ሲመለሱ ይታሰራሉ፣ ጁምዓ ግን ሥራ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ነው አሉ። በገዛ እጁ የፈታው ሌባ ተብሎ ከክፍሉ ይባረራል። በሰው አገር ያለ ኢቃማ ወዴት እሄዳለሁ?

አብረን በላን፤ እሱ በግራው እየተጨናነቀ፣ እኔን እየረገመ። አብረን ተኛን። ሽንት ቤት በር ላይ ፊቱን አዙሮ ይቆማል፤ «ቶሎ በል፣ አንተ ሌባ» ይለኛል። የክፍሉ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ሙሽሮቹ እያሉ ይጠሩናል።

የዚያን ሳምንት ጁምዓ ደግሞ ቀጠሮ ነበረኝ። እታገኝ የምትባል ልጅ እዚያው አቅራቢያ በአንድ ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ቤተሰቡን ይዛ ሌላ አገር ልትኖር ነው፤ እታገኝንም ልትወስዳት ፈልጋለች። እታገኝ፣ ጁምዓ ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ ኩቡዝ ልገዛ እወጣለሁ፤ ላግባሽ የምትል ከሆነ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ና፣ እኔም አልሄድም እላቸዋለሁ ብላኝ ነበር። ጋሽ ደምሴን ለአንድ ሰዓት ይፍቱኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ሕግ ለአንድ ሰዓት አይተኛም» አሉኝ። እንግዲያው አብረኸኝ ና ብዬ ሙላቱን ለመንኩት። ላየው የሚገባ ነገር ነው ብሎ እየሳቀ ተነሣ።

በናጅማ መንገድ እጅ ለእጅ ሆነን ሄድን። እዚህ አገር ወንድ ከወንድ እጅ ተያይዞ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ ማንም ዞሮ አላየንም። ላቡ ከሽርጡ እየተንጠባጠበ እጄ ላይ ይወርዳል፤ የማን ላብ እንደሆነ አላውቅም።

እታገኝ ትኩስ ኩቡዝ በደረቷ አቅፋ ቆማ ነበር። ስታየኝ ፈገግ ልትል ጀመረች፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ እጄ ወረደ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዳኛ ያሰረው ነው እህቴ» አለ ሙላቱ ቀድሞኝ። «ቴፔን ሰርቆ።»

«አልሰረቅሁም። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

«ካልሰረቅህ ለምን አትፈታውም?»

«ብፈታው ሌባ ይሉኛል።»

«አሁንስ ምን እያሉህ ነው?» አለችኝ።

ላግባሽ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። በዚያ እጅ ግን ምን ብዬ ላውጣው? እሷም ትንሽ ጠበቀች፤ ልትጠብቀኝ እንደቆመች ገብቶኛል። ከዚያ ማዳም ትፈልገኛለች ብላ ሄደች። ዞራ አላየችም። ከቤተሰቡ ጋር ከአገር ወጣች፤ ኋላ እዚያው ትዳር መያዟን ሰማሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከድር መጣ። እሱም የክፍላችን ልጅ ነው፤ ኩባንያው ከከተማ ውጭ ላለ ሥራ በድንገት ልኮት ነበር። ቴፑን በብብቱ ይዟል። ካሴት ይበላ ስለነበር ለሙላቱ ውለታ ልዋል ብሎ ከመሄዱ በፊት ጠጋኝ ጋ ጥሎት ኖሯል። «ነግሬህ እኮ እሺ ብለኸኛል» አለው። ሙላቱ፣ «እንቅልፍ ላይ ነበርኩ መሰለኝ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቴፑን ከፍተው የሙላቱን እናት ምርቃት መስማት ጀመሩ።

እኔ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄጄ፣ «ስሜንስ ማን ይመልስልኛል?» አልኳቸው። ኢቃማዬን አውጥተው ሰጡኝ። «እናንተ የጨመራችሁልኝ የማሰር ሥልጣን ነው ልጄ። የመካስ ሥልጣን አልሰጣችሁኝም» አሉ። በክፋት አልነበረም፤ በእርጋታ ነው ያሉኝ። የጨመርንላቸውን ግን አልመለሱም። መልሱ የሚልም አልተገኘ፤ ያን የሚል ሰው ቀድሞ የሚፈተሸው እሱ ነዋ። ከእኔ በኋላ ሌሎች ታሰሩ። እኔም ሌላ ክፍል እስካገኝ ድረስ አፌን ይዤ እዚያው ኖርኩ።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሽንት ቤቱ ጋ ስደርስ ሳቁ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሻያቸውን አስቀመጡ። ከፈለጋችሁ አስታርቃችኋለሁ፣ እፈርድላችሁማለሁ፤ የሰው እጅ ግን አላስርም አልኳቸው። በሌላው ላይ ይውላል ብለን የሰጠነው ሥልጣን መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ገብቷቸዋል ብዬ አሰብኩ።

ጫማው የጠፋበት ልጅ፣ «እሺ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እርስዎ የማያስሩልን ከሆነ ግን ሌላ ዳኛ እንምረጥ» አለና ጓደኞቹን እጅ እንዲያወጡ ጠየቃቸው።

አወጡ።